እንግዳ ተቀባዩ ሸማ

ጋቢ የሚያውቅ ሰው ጥለቱን መጀመሪያ አያይም። ዳንግላ ገበያ ውስጥ ልብስ የሚመርጡ እናቶችን ልብ ብላችሁ ብታዩ፣ እጃቸው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቁጭቱ ነው። የጫፉን ክር በአውራና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው ያሹታል። አንዱ ዘለላ ከጎረቤቱ ከወፈረ፣ ወይም ቋጠሮው አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ፣ ዋጋ ሳይጠይቁ መልሰው ያስቀምጡታል። ቁጭቱን ከወደዱት ልብሱን ገልብጠው የመሐሉን ስፌት ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ይከተላሉ። ከዚያ በኋላ ከባዱ ፈተና ይመጣል። ጋቢ አራት ንብርብር ነውና መሐል የተደበቁትን ሁለቱን ከላይኞቹ ለይተው ወደ ብርሃን ያነሧቸዋል። የሚያታልል ሠሪ የሚያታልለው እዚያ ነው። ላዩንና ታቹን በጥሩ ማግ ሠርቶ መሐሉን ባልተስተካከለ ክር የሞላው ጋቢ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይጓጉላል፤ ብርድም ያስገባል። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ጥለቱ ይታያል፤ ቀለሙ ደስ ካለ እሰየው።

እነዚህ እናቶች እንዲህ የሚጨነቁት ለራሳቸው ትከሻ ብቻ አይደለም። ያ ጋቢ አንድ ምሽት የማያውቁት ሰው ይለብሰዋል፤ ቤት ውስጥ ካለው ልብስ ሁሉ ምርጡ የሚወጣው ለእንግዳ ነውና። በዳንግላና በዙሪያዋ ባለው የአዊ አገው አገር ያየሁት የድሮ ልብስ ሁሉ፣ የጥጡም የቆዳውም የሣሩም፣ ሰው ለመቀበል የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሸማ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና ሥራው አላለቀም። የቀረውን የሚሠራው ባለቤቱ ነው፤ እንግዳ ሲገባ ከትከሻው ሲያወርደው፣ ወገቡ ላይ ሲጠመጥመው፣ ለደከመው ሰው ሲደርብለት። ስለዚህ ሁለቱን ሙያዎች፣ የእጁንና የአቀባበሉን፣ ለያይቼ ላያቸው አልችልም።

ጥጡ ራሱ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመጣው። ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚያገኟት፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሌላዋ የአዊ ከተማ እንጅባራ ደግሞ በከፍታ ከእሷም ትበልጣለች፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ገብስና ድንች፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚስማማው አገር ነው። ጥጥ የቆላ ሰብል ስለሆነ ወደዚህ ደጋ የሚወጣው በገበያ ነው። ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና በመዳመጫ፣ በቀጭኑ የብረት ዘንግ፣ ይዳመጣል። ዘንጉ ሲንከባለል ጥጡ ከሥር ያልፋል፣ ፍሬው ከፊት ይቀራል። ቸኩሎ የገፋ ሰው ፍሬውን ይሰብረዋል፤ የተሰበረው ቅርፊት ከጥጡ ጋር ተፈትሎ፣ ከክሩ ጋር ተሸምኖ፣ ነጩ ልብስ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይኖራል። አንድ ነጠላ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ሳይ፣ ያን ቀን መዳመጫውን የያዘው እጅ ስለምን እንደቸኮለ እጠይቃለሁ።

ከመዳመጥ በኋላ መንደፍ አለ። ደጋኑ ጥጡ ላይ ተይዞ ጅማቱ ሲነዘር፣ የተቋጠረው ይፈታል፣ አቧራው ይረግፋል፣ ክምሩ ያብጣል። ከዚያ ጥጡ ይባዘትና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን እጅ ላይ አድርጎ ዓይን መጨፈን ነው፤ በደንብ የተነደፈው ክብደቱ አይሰማም።

ፈትሉ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ፈታይዋ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን በቀኝ መዳፏ ጭኗ ላይ ታሾረዋለች። እንዝርቱ ሲሾር ግራ እጇ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይርቃል፤ በሁለቱ መካከል ባዘቶው እየቀጠነ ክር ይሆናል። የእጇ መራቅና የእንዝርቱ መሾር ካልተስማሙ ክሩ ወይ ይወፍራል ወይ ይበጠሳል። ይህን ስምምነት የሚነግራት መለኪያ የለም፤ ጣቷ ብቻ ነው የሚያውቀው። ደግሞም ሁለት ዓይነት ክር ታውቃለች። ድር የሚሆነው ጠበቅ ብሎ መገመድ አለበት፤ ሸማኔው ወጥሮ ስለሚረግጠው የላላ ከሆነ አይችለውም። ማግ የሚሆነው ላላ ይላል፤ የላላ ክር በውስጡ አየር ይይዛል፣ አየሩ ሙቀት ይይዛል። የጋቢ ሙቀት ምስጢር እዚህ ነው፤ ከክብደቱ አይደለም። ሰው ወፍራም ጋቢ ሲያነሣ «ይሞቃል» ይላል፤ ባለሙያዋ ግን ማጉን በጥፍሯ ፈታ አድርጋ ነው የምትፈርደው።

ድሮ «ቀጭን ፈታይ» መባል ለባላባት ሚስትም ለገበሬ ሚስትም እኩል ሙገሳ ነበር። ወይዘሮዋ ሌላውን ሥራ ለሠራተኛ ብትተውም እንዝርቷን አትተውም። ስለዚህ ከሸማኔው ዘንድ የሚሄደው ልቃቂት የባለቤቷን ስም ይዞ ነበር የሚሄደው። ሸማኔውም የማን ክር እንደሆነ ሲነካው ያውቃል፤ ክሩ ቢያስቸግረው ማንን እንደሚወቅስ ያውቃልና። አንድ ልብስ ሁለት ሰዎች እየተፋረዱ የሠሩት ነበር ማለት ነው፤ አንዷ ክሯን አሳንሶ እንዳያበላሽባት ሸማኔውን ትጠብቃለች፣ እሱም ክሯ እንዳያሳፍረው ይፈራል።

ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ነው። ለዳንግላ ቅርብ የሆነው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመ ነው፤ የፋብሪካ ክር በየገበያው ሲደርስ ድሩ ከእንዝርት እጅ ወጣ። ይህን አልነቅፍም። የፋብሪካ ድር ጠንካራና እኩል ነው፣ የእናቶቹንም ድካም ግማሹን አንሥቷል። ማጉ የእጅ ፈትል እስከሆነ ድረስ ጋቢው ጋቢ ነው። ሁለቱም የፋብሪካ ሲሆኑ ግን ልብሱ ይንሸራተታል፤ ትከሻ ላይ ተደላድሎ አይቀመጥም። ሐሳቤን የሚጠራጠር ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ለብሶ አንድ ማለዳ ውጭ ይቀመጥ።

ሸማኔው የሚሠራው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ነው። እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫዎቹ ላይ ናቸው፤ ድሩ ፊቱ ተወጥሯል። ይረግጣል፤ ድሩ ይከፈታል። መወርወሪያውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው ይልካል፤ ማጉን ወደ ራሱ ይመታል። እንደገና ይረግጣል። ይህን ለሰዓታት የሚሰማ ሰው ዜማ ነው ሊል ይችላል፤ እኔ የማዳምጠው ምቱን ነው። ምቱ ከበረታ ልብሱ ይደርቃል፣ ትከሻ ላይ አይታጠፍም። ከላላ ደግሞ ጣት ያሾልካል። ጥሩ ሸማኔ ለነጠላ የሚመታውና ለቡልኮ የሚመታው የተለያየ ነው፤ ለነጠላ እጁን ይቆጥባል፣ ለቡልኮ ሙሉ ክንዱን ይጨምራል። የጨርቁ ስፋት ከሁለት እጆቹ መድረሻ አያልፍም፤ መወርወሪያውን የሚወረውረውም የሚቀበለውም ራሱ ነውና። ጋቢው መሐል ላይ ስፌት የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይጋጠማል። እናቶቹ ያን ስፌት በጣት የሚከተሉት፣ ሁለቱ ቁራጮች በእኩል ምት መሸመናቸውን ስለሚያሳብቅ ነው። አንደኛው ጠብቆ አንደኛው ላልቶ ከሆነ ስፌቱ ከታጠበ በኋላ ይሸበሸባል።

ጥለቱ ደግሞ የቁጥር ሥራ ነው። ባለቀለሙን ክር በጣቱ እያነሣ፣ ስንት ድር ዘልሎ ስንት እንደሚይዝ በልቡ እየቆጠረ ያስገባዋል። ፊቱ የተቀመጠ ሥዕል የለም። ጥለቱ ከግራ ሲጀምር የነበረው አበባ ቀኝ ጫፍ ሲደርስ ሳይጎድል ካለቀ፣ ቆጠራው አልተሳሳተም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚችል ሰው በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሰደብበት ኖሯል። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ አልፊውን ፋቂ እያሉ የሠሩትን እየለበሱና እየተጠቀሙ ሠሪዎቹን ከማዕድ አራቁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት በደሉ የከፋ ስለነበረ ነው። እንግዳ ተቀባይነታችንን ሳመሰግን ይህን መዝለል አልችልም። የእግዜር እንግዳ ብሎ የማያውቀውን መንገደኛ አጎዛ ላይ የሚያስቀምጥ ቤት፣ አጎዛውን ያለፋውን ሰው ከደጅ ይመልስ ነበር።

የአዊን ብርድ ጥጥ ብቻውን አይችለውም። ዳንግላ ላይ በዓመት የሚዘንበው 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ስለዚህ ከጥጡ በፊትም ከጥጡ ጋርም ቆዳ ነበረ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ ሲሄድ ያገኛቸው የዳሞት አገዎች ቆዳ ለባሾች ነበሩ፤ ቆዳውን የሚያለሰልሱት በራሳቸው ዘዴ እንደሆነም ጽፏል። ለጎንደር ከብት፣ ማርና ቅቤ የሚያቀርቡት እነሱ ነበሩ። ስለ ሴቶቹ ልብስ የተወው ዝርዝር ደግሞ ሙያን ለሚወድ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። ልብሱ እስከ እግር የሚደርስ፣ ወገቡ ላይ በመቀነት የሚታሰር ነው፤ የታችኛው ክፍል ድርብ ነው፤ ከድርቡ አንዱ ወደ ላይ ተመልሶ በትከሻ ዞሮ ደረት ላይ በመያዣ ይያያዛል፤ ከጀርባ በሚፈጠረው ቦታ ልጅ ይታዘላል። አንድ ልብስ ቀሚስም፣ መደረቢያም፣ አንቀልባም ነው። ይህን ያሰበችው ሴት ማን እንደሆነች ታሪክ ስሟን አልያዘም፤ ነገር ግን የልብስ ሠሪ ትምህርት ቤት ቢኖር ሥራዋ የሚማሩበት ነበር።

ከዚያ የቆዳ ሙያ እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ የቆየው አጎዛው ነው። የበግ ቆዳ ጠጉሩ ሳይነካ በሥጋው በኩል ተፍቆ፣ እስኪለሰልስ ታሽቶ ይለፋል። ጥሩ አጎዛ ሲታጠፍ ድምፅ አያሰማም። መደቡ ላይ የሚነጠፈው ለእንግዳ ነው፤ ልጅ ተጋድሞበት ከነበረ እንግዳ ሲመጣ ይነሣል።

ስለ ገሳ ግን ቀስ ብዬ ልናገር፣ ብዙ ሰው እንደ ምስኪን ልብስ ያየዋልና። ገሳ ከሣር የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው፤ በጎጃም ክረምት እረኛውም ገበሬውም ከራሱ እስከ ወገቡ ይለብሰዋል። ሥራው የቤት ክዳን ሥራ ነው፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን አፍ ይሸፍናል፣ ውኃው ከሣር ወደ ሣር እየተቀባበለ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ መንገድ አያገኝም። ከውጭ ሲያዩት የተንጨባረረ ይመስላል። ከውስጥ ግን የሠሪው እጅ ጎልቶ ይታያል፤ አንገቱ ጋ ቋጠሮዎቹ ጥቅጥቅ ብለው፣ ወደ ጫፉ ሲወርዱ እየሳሱ፣ ትከሻው ላይ ደግሞ ክንድ እንዲንቀሳቀስ ሰፋ ብለው ተሠርተዋል። ሁለቱም እጆች ነፃ ናቸው፤ ጅራፉንም ዕርፉንም መያዝ ይቻላል። ይህን ጃንጥላ አይሰጥም። የላስቲክ ካፖርት ከመጣ ወዲህ ገሳ ቀንሷል፤ ላስቲኩ ግን ላብ ያፍናል፣ ገሳው ይተነፍሳል።

አሁን እንግዳው፣ እንደ ድሮው ወግ፣ ይምጣ። ከሩቅ ከመጣ በፈረስ ነው፤ አዊ የፈረስ አገር ነው። «የመሸብን እንግዶች ነን» ይላል ከአጥሩ ውጭ። «ቤት ለእንግዳ፤ ይግቡ» የሚለው ድምፅ ከውስጥ ሳይቆይ መውጣት አለበት፤ ቢዘገይ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ገሳው በራፍ ላይ ይሰቀላል፤ ውኃው እዚያው ይንጠባጠባል። ፈረሱን አንድ ልጅ ይቀበላል፤ ኮርቻው ይወርዳል፣ ሣር ይጣልለታል። እንግዳው ሲገባ ቤት ያለው ሁሉ «ኖር» እያለ ይነሣል። እሱም «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ እንዲቀመጡ ይለምናል። አነሣሡ ራሱ ሙያ አለው። ጋቢ የተከናነበ ሰው ተከናንቦ አይነሣም፤ ከራሱ ላይ አውርዶ፣ ቀኝ ትከሻውን ገልጦ ነው። የተከናነበና አፉን የሸፈነ የሚቀመጠው ጌታ ብቻ ነበር፤ ለእንግዳ ራስን መግለጥ «ዛሬ ጌታው አንተ ነህ» ማለት ነው።

ከዚያ እግር ይታጠባል። የሞቀ ውኃ በገበቴ ይመጣል፤ የቤቱ ልጅ ወይም እመቤቷ ራሷ ዝቅ ብላ ታጥባለች፤ ስትጨርስ እግሩን ትስማለች። ይህን ስታደርግ ነጠላዋን ተመልከቱ። ውኃ እንዳይነካው፣ እንዳይንሸራተት፣ እጇንም እንዳይዝባት፣ ከብብቷ ሥር አሳልፋ ጀርባዋ ላይ ቋጥራዋለች። ሥሥ ነጠላ እንዲህ ሲጠመዘዝ ቀጭን ሆኖ ይታሰራል፤ ሲፈታ ደግሞ ሳይጨማደድ ወደ ትከሻ ይመለሳል። ቀደም ብዬ ስለ ሸማኔው ምት ያልኩት እዚህ ይታያል፤ ምቱ የበረታ ነጠላ ይህን አይችልም።

ወንዱም ያደገድጋል። ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ደረቱና ወገቡ ላይ ያስረዋል፤ ሁለት እጁ ለማገልገል ነፃ ይሆናል። አደግድጎ መቆም በቤተ መንግሥት የአሽከር ወግ ነበር። በገበሬ ቤት ግን ባለቤቱ ራሱ፣ የርስቱ ጌታ፣ ለማያውቀው እግረኛ አደግድጎ ይቆማል። ከዚህ የበለጠ የልብስ አጠቃቀም አላውቅም። ያው ኩታ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ይዘቀዘቃል፣ ለእንግዳ ይደገደጋል። የተሰፋ ልብስ እንዲህ አይታዘዝም፤ አንድ ጊዜ የተቆረጠበትን ቅርጽ ይዞ ይኖራል።

ከድሮ ጀምሮ ሁለት ዓይነት መስተንግዶ እንደነበረም መለየት ይገባል። መኳንንትና የመንግሥት እንግዶች ሲያልፉ አገሬው ድርጎ እንዲያወጣ ይታዘዝ ነበር፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ በትእዛዝ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ላይ የተቀመጠውና ጣናንና ዓባይን ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፉን ያሳተመው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የተጓዘው በዚያ ዘመን ነው። ድርጎ ግብር ነው፤ ሰው ሳይወድም ሊሰጠው ይችላል። እኔ የማወራው ስለ ሁለተኛው፣ ማንም ሳያዘው መሽቶበት ለመጣ ሰው ስለሚቀርበው ነው። እዚያ ሙያው የሚታየው ማንም ስለማይቆጣጠረው ነው።

መሶቡ ይቀርባል። ክዳኑ ሳይነሣ አንድ ጊዜ ይታይ። የተሠራው ስንደዶና አክርማ ከሚባሉ ሣሮች ነው። ሣሮቹ ከክረምት በኋላ ይለቀማሉ፤ መስፊያው ይሰነጠቃል፣ ቀለም ይነከራል፣ ሲሰፋም እንዳይሰበር በውኃ ይርሳል። ሰፊዋ የሣሩን ዘለላ እያዞረች፣ በወስፌ ቀዳዳ እየከፈተች፣ መስፊያውን እያስገባች ታጠብቀዋለች። እያንዳንዱ ዙር ከሥሩ ካለው ጥቂት ሰፋ ይላል፤ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው የመሶቡን ሆድ ነው። አንድ ዙር ላይ ከሳተች ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይጣመማል። ሐረጉም በቁጥር ነው፤ ቀይ ስንት፣ አረንጓዴ ስንት፣ ነጩ ከየት እንደሚገባ በልቧ ይዛዋለች። ዙሩ እየሰፋ ስለሚሄድ ቁጥሩም እየተለወጠ ይሄዳል፤ ሸማኔው ቀጥ ባለ ድር ላይ ይቆጥራል፣ እሷ ግን እየሰፋ በሚሄድ ክብ ላይ። የእሷ ይከብዳል ብዬ አስባለሁ። ጥሩ መሶብ ክዳኑ ሲገጠም በየትኛውም በኩል ቢዞር ይቀመጣል፤ ሐረጉ ግን የሚገናኘው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ለእንግዳ ሲቀርብ ያ በኩል ወደ እንግዳው ይዞራል።

እጅ ማስታጠብ ከእንግዳው ይጀምራል። አስታጣቢዋ ውኃውን በቀኝ እጇ ስታፈስ ግራ እጇ ሳህኑን ይይዛል፤ ፎጣው ክንዷ ላይ ነው። ዶሮ ከታረደ አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ መውጣት አለበት፤ አንዱ ብልት ተቀዶ ቢመጣ የእመቤቷ ሙያ ይታማል። ጠላው ሲቀዳ ቀጂው ጠብ አድርጎ በመዳፉ ይቀምሳል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ይሰጣል። «ብሉልኝ እንጂ፣ በሞቴ» ይባላል፤ ጉርሻ ይከተላል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ይሄዳል፤ ስለ እሱ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል።

ሌሊት ሲሆን አዲሱ ጋቢ ከሣጥን ይወጣል። ባለቤቱ አሮጌውን ይለብሳል። ከገበያ የተመረጠው፣ መሐሉ የተፈተሸው፣ ቁጭቱ የታሸው ያ ልብስ ሥራውን የሚሠራው አሁን ነው። እንግዳው ባለጥለቱን ጫፍ ወደ ራሱ ሊያደርገው ቢል አስተናጋጁ ያዞርለታል፤ ጥለት ወደ ላይ የለቅሶ ነውና እንግዳ በቤታቸው እንደ ሐዘንተኛ እንዲተኛ አይፈልጉም።

ነጭ ልብስ ለእንግዳ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገው እንዶድ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ አረፋ ያወጣል፤ ልብሱ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ በእግር እየተረገጠ ይታጠባል፤ እጅ እንደሚያሸው ክሩን አይጎዳውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ማጥፊያ ያገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተቀብሏል። ከሸማ አጠባ የተገኘ ሳይንስ ነው።

ዛሬ ይህ ልብስ በብዛት የሚታይበት ቀን ጥር 23 ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዓሉን ሲያከብር እንጅባራ በነጭ ልብስ ትሞላለች። ፈረሱ ባለጥልፍ ግላስ ለብሶ፣ ጋላቢው ሸማውን ነፋስ እንዳይወስድበት አሥሮ ይወጣል። ሰው የሚያየው ግልቢያውን ነው። እኔ ግላሱ ላይ የተጠለፈው ሐረግ ከፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ እኩል መውረዱን፣ የጋላቢው ሸማ ቋጠሮ በሙሉ ግልቢያ አለመፈታቱን አያለሁ። እንግዶቹም ከሩቅ ይመጣሉ፤ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር ይገዛሉ። በዚያው መንገድ ዳር ግን ጥለት የታተመበት የውጭ ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል። ከሩቅ ጥለት ይመስላል። ቁጭት የለውም፤ ጫፉ በማሽን ተዘምዝሟል። የሚገዙትን አልወቅስም፣ ኑሮ ከባድ ነው። ነገር ግን የእጅ ጋቢ የሚገዛ ሰው ዋጋ ሲከራከር፣ ፈትሉ ብቻውን የስንት ምሽት ሥራ እንደሆነ ፈታይዋን ይጠይቃት። ሸማኔው ከነስሙ ይታወቃል፤ እሷን ማንም አይጠይቃትም።

እንግዳው ሲነጋ ባዶ እጁን አይሸኝም። አገልግሉ ይሞላል። ይህም ዕቃ የሁለት ሙያ ልጅ ነው፤ ውስጡ የሰፊዋ ስንደዶ፣ ውጭው የፋቂው ቆዳ። ቆዳው እርጥብ እያለ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ስፌቱን ጠርንፎ ይይዛል። ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል፤ የትከሻ ማንጠልጠያው ከሁለት በኩል ስለተያዘ በፈረስ ሲሄድ አይዘነብልም። እንጀራው በወጥ ተፈትፍቶ ይጠቀጠቃል፤ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ያቆያል። ፈረሱን ባለቤቱ ራሱ አምጥቶ እርካቡን ይይዝለታል፤ ገሳው ከበራፉ ይወርዳል፤ ከዚያ እስከ አጥሩ፣ አንዳንዱም እስከ ወንዙ ይሸኛል። አገልግሉ የውሰት ነው። የሚመለሰው አንድ ገበያ ቀን፣ በዘመድ ወይም በጎረቤት እጅ ነው፤ ባዶውን ከተመለሰ ነውር ስለሆነ ማር ወይም ቡና ተደርጎበት ይመጣል።